ጎታቿ ስትጎተት

ሬፍሶይ፣ እሑድ ጁን 22 ቀን

ርቀህም ቢሆን ባለቤቴ ለሆንከው ለአስብየርን፣

የስፔን ፀሐይ አፍንጫህን ልጦት እንዳይሆን እየሰጋሁ ሰላም እልሃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ወትሮው ዝናብ ሊመጣ ሲል አስቀድሞ ይነግረኛል። ድመቷ ወፍራ መስኮቱ ላይ መውጣት አቅቷታል። ነገ የዮሐንስ ዋዜማ ስለሆነ ደሴቱ ሁሉ ለደመራው እንጨት ሲጎትት ሰነበተ፤ አሮጌ ጀልባ፣ አሮጌ ወንበር፣ ያገኙትን ሁሉ እየቆለሉ ነው። ኦድቫር ባለፈው የሚስቱን የልብስ ቁም ሳጥን አምጥቶ ሊከምር ሲል ሴትዮዋ ደርሳ አስጣለችው።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ አንዴ ቆሜ፣ ሁለቴ ተቀምጬ። የተከራየኸውን ቤት ባለቤቱ ሊሸጠው ነው። ወይ ገዝተኸው እዚያው ልትቀር ነው፣ ወይ ጠቅልለህ ልትመጣ። «እስከ ጁላይ 10 ቁርጡን ንገሪኝ፤ በስልክ ግን አይሁን» ብለሃል። እውነትህን ነው፣ በስልክማ ምን ተነጋግረን እናውቃለን? አንተ ስለ አየሩ ሁኔታ ሳትጨርስ እኔ «መስመሩ ይያዛል፣ ችግር ላይ ያለ ሰው ይደውል ይሆናል» ብዬ ጆሮህ ላይ እዘጋዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነው ያወራነው።

ለምን እንደሄድክም አልረሳሁትም። ሠላሳኛ የጋብቻ ዓመታችን፣ ዓሣው በቅቤ ተጠብሶ፣ ሻማው በርቶ፣ እኔም ለአንዴ እንኳ ቀሚስ ለብሼ፣ ስልኩ ጮኸ። አንድ ነዳጅ ያለቀበት የከተማ ሰው። ቀሚሴ ላይ የዝናብ ልብሴን ደርቤ ሄድኩ። በር ላይ ስደርስ ያልከኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ «ጉንቮር፣ የእኔም ሞተር ቢጠፋ ኖሮ እኮ እንዲህ በሩጫ ትደርሺልኝ ነበር» አልከኝ። እኔ ደግሞ ቀልድ መስሎኝ ስቄ ወጣሁ። በሳምንቱ ሻንጣህን ይዘህ ሄድክ።

ቁርጡን እነግርሃለሁ። ግን ታውቀኝ የለ፣ ዘልዬ ነገር ውስጥ መግባት አልችልም፤ ወሬ ይቅደም። ደግሞ ኦድቫር ጨው ጨምሮ ሳይነግርህ ከገዛ አፌ ብትሰማው ይሻላል።

ሐሙስ ዕለት ተጎተትኩ።

አዎ፣ ደግመህ አንብበው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ጀልባ ስጎትት የኖርኩት እኔ፣ ነዳጅ ያለቀበትን፣ አሸዋ ላይ የወጣበትን፣ ቁልፉን ባሕር ውስጥ የጣለውን ሁሉ ሰብስቤ የማመጣው እኔ፣ በአንዲት የሰባ ስድስት ዓመት አሮጊት ተጎትቼ ወደብ ገባሁ። ሳቅ ግዴለህም። ስቀህ ስትጨርስ ቀጥል፣ እዚሁ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድንቹ በስሎልኝ ልልጠው ስል ስልኩ ጮኸ።

«ዳግኒ እባላለሁ» አለች አንዲት ሴት፣ ድምጿ ጎላ ያለ። «ጡረታ የወጣሁ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነኝ። ባለ ሸራ ጀልባ ላይ ነው ያለሁት። ሞተሬ ሞቷል። ባለቤቴ ሳንድዊች እየበላ ነው።»

«የት ጋ ነዎት?»

«ከጠባቡ መግቢያችሁ ፊት ለፊት፣ አንድ ኪሎ ሜትር ብንርቅ ነው።»

«ታዲያ ሸራ አለዎት አይደል?»

«አለኝ እንጂ! ግን በዚህ ነፋስ በዚያ ጠባብ በሸራ የሚገባ እብድ ነው። እኔ ብዙ ነገር ተብያለሁ፣ እብድ ግን አልተባልኩም።»

ወደድኳት። ድንቹን ምድጃ ላይ ትቼ ወጣሁ።

ነፋሱ ከምዕራብ ነበር፣ ጠንከር ያለ። ስደርስ ዳግኒ ቀይ ኮፍያ አድርጋ ከፊት ቆማለች። ገመዱን ብወረውርላት በመጀመሪያው ያዘችው፣ አሳምራ አሰረችው። ስንቱን አይቻለሁ አንተዬ! ያ ባለ ፈጣን ጀልባው ሰውዬ ገመዱን ከወንበር እግር ጋር አስሮት ወንበሩን ብቻ ጎትቼ መሄዴ ትዝ ይልሃል? ዳግኒ እንደዚያ አይደለችም። ባሏ ሉድቪግ ግን እውነትም ሳንድዊች እየበላ ነው። እጁን አነሳልኝ፣ ሳንድዊቹን እንደያዘ።

እየጎተትኩ እስከ ጠባቡ መግቢያ ደረስን። እዚያ ጋ ምን እንደሚደረግ አንተም ታውቃለህ፤ ገመዱ ረጅም ከሆነ የሚጎተተው ጀልባ እየተወዛወዘ ከድንጋዩ ይላተማል፣ ስለዚህ ፍጥነት ቀንሶ ገመዱን ማሳጠር ነው። አንድ ሕግ ብቻ አለ፤ ገመዱን ከውሃ ሰብስበህ ሳታወጣ የኋላ ማርሽ አትንካ። ይህንን ሕግ እኔ ራሴ ለስንቱ አስተምሬያለሁ። ያልሰማ ጆሮ በደሴቱ የለም።

ልክ በዚያች ሰዓት ስልኩ ጮኸ።

አንድ እጄን ወደ ስልኩ ሰደድኩ፣ በአንድ እጄ ማርሹን። የኋላ ማርሽ አስገባሁ። ገመዱ ውሃ ውስጥ ነው። ከሥር ግርርር አለ፣ ጀልባዋ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ጭጭ። ገመዱ ፕሮፔለሩ ላይ ተጠምጥሞ ሞተሬን ገደለው። በገዛ ገመዴ! ዋናተኛን ውሃ ይወስደዋል የሚሉት ይኸው ነው። የደወለው ሰው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አንድ የበጋ እንግዳ ነው፤ የሰኞው ደመራ በስንት ሰዓት እንደሚለኮስ ሊጠይቅ።

አሁን ሁለት ጀልባ ነን፣ ሁለታችንም ሞተር የለንም፣ ነፋሱ ከኋላችን ይገፋናል፣ ከፊታችን ጥርሶቹ የምንላቸው ድንጋዮች ናቸው፣ ነጭ አረፋ እየደፈቁ። አሥር ደቂቃ ቢኖረን ነው። ፈራሁ አንተዬ። ለራሴ አይደለም፤ እኔ እንኳ ድንጋይ ላይ ዘልዬ እወጣለሁ። ግን አምነውኝ ገመዴን የያዙ ሁለት ሽማግሌዎች ከኋላዬ አሉ። መልሕቅ ጣልኩ፣ አልያዘም፤ ታች ልሙጥ ድንጋይ ነው። ስልኬን አነሳሁ፣ አንድ ስም ነካሁ። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። ማንም አላነሳም።

ከኋላ ጩኸት ሰማሁ።

«አንቺ ልጅ! ስልኩን ተዪውና ገመድ ወርውሪልኝ!»

«ምን ሊያደርጉበት?»

«ልጎትትሽ ነዋ!»

«በሸራ? እብድ አይደለሁም አላሉኝም እንዴ?»

«በጠባቡ መግባት ነው እብደቱ! ከድንጋይ መሸሽማ ሕፃንም ያውቃል። ሉድቪግ! ያን ሳንድዊች አስቀምጥና ሸራውን ሳብ!»

ሉድቪግ ሳንድዊቹን አላስቀመጠውም፤ ሙሉውን አፉ ውስጥ ከትቶ ሸራውን ሳበ። እኔ ቢላዬን አወጣሁ። አሮጌው ገመድ መቆረጥ ነበረበት፣ አለበለዚያ እርስ በርሳችን እንደተጠላለፍን ነው። ያ ገመድ አንተ ክረምቱን ሙሉ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠህ ጫፉን የገመድክልኝ ነው። ባሕር ላይ አንድ ቀን አልተመቸህም፣ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ እንኳ ያቅለሸልሽሃል፤ ገመድ ግን እንዳንተ የሚያምርለት አላየሁም። ቆረጥኩት። አዘንኩ፣ ግን ቆረጥኩት። ከፊት ሌላ ገመድ ወረወርኩላት፣ ያዘችው፣ ሸራዋ ነፋሱን በጎን ተቀበለና ተነሳን። ከጥርሶቹ ስንርቅ አረፋው ፊቴ ላይ ይረጭ ነበር። የአንድ ጀልባ ርዝመት ቢቀረን ነው።

ከዚያ ደሴቱን በሰሜን ዞረን ሰፊው ወደብ ገባን። ሰሜን ማለት ታዲያ ደመራው የሚቆለልበት ነው። ግማሹ ደሴት እንጨት ተሸክሞ ቆሟል። ኦድቫር መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቷል። ስንቀርብ ኮፍያውን አውልቆ አንገቱን ደፋ፣ ቀብር የሚያልፍ ይመስል።

«ጉንቮር!» አለኝ። «ከሁለታችሁ ማን ነው ማንን የጎተተው?»

«ዝም በል፣ ገመድ ተቀበል!»

«አይ፣ ለማወቅ ያህል ነው። ቅዳሜ ኬኩን የሚጋግረው ማን እንደሆነ ግራ ገብቶኝ ነው።»

ደንቡን ለአንተ መንገር የለብኝም፣ ያወጣኸው አንተ ነህ። ኦድቫር ግን ሕዝቡ ፊት እንደ ቄስ ከፍ አድርጎ አሰማኝ፤ የተጎተተ ሰው ቅዳሜ ቀትር ላይ ኬክ ይዞ ወደብ ይመጣል፣ ቆሞ እንዴት እንደሆነ በገዛ አፉ ይናገራል፣ የተጠየቀውን ይመልሳል፣ መዋሸት ክልክል ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው ኬክ በልቻለሁ። የሐኪሙን በልቻለሁ፣ የቄሱን በልቻለሁ፣ የኦድቫርን ሦስት ጊዜ በልቻለሁ። እሱም ይህቺን ቀን ሲጠብቅ ነው ያረጀው።

አርብ ጋገርኩ። የጋገርኩት አንተ ቁም ሳጥኑ በር ላይ በእርሳስ ከጻፍከው ነው። «እንቁላሉን ለብቻው አጥብቀሽ ምቺ» ይላል። እኔ ማጥበቅ ምን ማለት እንደሆነ ከየት ልወቅ? ሠላሳ ዓመት አንተ አበሰልክልኝ፣ እኔ በላሁ። ኬኩ ምድጃ ውስጥ ትንሽ ተነሳ፣ እኔን ሲያይ ተመልሶ ተኛ። ገመናውን በእንጆሪና በክሬም ሸፋፍኜ ይዤ ወጣሁ።

ኦድቫር በሹካ ነካ ነካ አደረገው። «ይሄ የሚበላ ነው፣ ወይስ ጀልባ ግንቡን እንዳይመታ የምናንጠለጥለው ጎማ?» አለ። ወደቡ በሳቅ ፈረሰ። ዳግኒ ግን የሞተሯን መለዋወጫ እየጠበቀች እዚሁ ናትና ሁለት ቁራሽ በላች። «ባለቤቴ የጋገረውን ብትቀምሱ ይሄን ታመሰግኑ ነበር» አለች። ሉድቪግ ሦስት በላ።

ከዚያ ሣጥን ላይ አቆሙኝና ተናዘዝኩ። እኔን ያየህ ተቀጣ ብዬ ጀመርኩ። የኋላ ማርሹን ተናገርኩ፣ ስልኩን ተናገርኩ፣ መልሕቁን ተናገርኩ። አንድም ነገር አልደበቅኩም። ኦድቫር ግን ነገር ካገኘ መች ይለቃል፣ እጁን አወጣ።

«አንድ ጥያቄ። እኛ ስንቸገር ወደ አንቺ ነው የምንደውለው። አንቺ ስትቸገሪ መጀመሪያ ወደ ማን ደወልሽ?»

«ወደ ነፍስ አድኖቹ ነዋ፣ ወደ ማን ልደውል?» አልኩ።

ዋሸሁ። በዚያ ሣጥን ላይ በሠላሳ ዓመት የተዋሸ የመጀመሪያው ውሸት የኔ ነው። ማንም አላወቀም። አንተ ብቻ ታውቃለህ፣ አንተም ማወቅህን አታውቅም።

የደወልኩት ላንተ ነው። ሐሙስ ማታ መልሰህ ደውለህ «ፈልገሽኝ ነበር? ዋና ላይ ሆኜ አልሰማሁም» ስትለኝ፣ «ኪሴ ውስጥ ተነክቶ ነው» አልኩህ። «እሺ በይ፣ ደህና እደሪ» አልክ። አልተነካም። ዓይኔ እያየ፣ ጣቴ ስምህ ላይ ሄደ። ነፍስ አድኖቹን የምጠራበት ቀይ ቁልፍ ጀልባዬ ላይ አለ፣ ኦድቫር አምስት ደቂቃ ርቀት ላይ ጀልባ አለው፤ እኔ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ውሃ ውስጥ ለሚንቦራጨቅ፣ ጀልባ ለሌለው፣ ቢኖረውም ለሚያስታውከው ሰው ደወልኩ። ምን እንድታደርግልኝ? ምንም። ድምፅህን ልሰማ ነው። አለቀልን ብዬ ሳስብ ልሰማ የፈለግኩት ድምፅ ያንተ ነበር፣ ሌላ ምንም ምክንያት የለኝም።

ታዲያ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ነሳኝ። ይህን ያህል ዓመት የተቸገረ ሰው ሳነሳ አንድ ነገር ነው የሚያናድደኝ፤ ሰው ቶሎ አይደውልም። ያፍራል። «ትንሽ ልሞክር፣ ምን ይሉኛል» እያለ ድንጋዩ ሥር ሲደርስ ነው የሚደውለው። «ምነው ቀደም ብለህ ብትናገር፣ አፍህን ማን ያዘው?» እያልኩ ስንቱን ትልቅ ሰው አስለቅሻለሁ። እኔ ራሴ ይኸው ሁለት ዓመት አፍሬ ዝም አልኩ። ናፍቀኸኛል ማለት አቃተኝ። ጥፋቱ የኔ ነበር ማለትም አቃተኝ። የኔ ነበር።

ትናንት ኬኩ ካለቀ በኋላ ቶርዲስን ለብቻዋ ጠራኋት። ቶርዲስ ማለት አንተ ስትሄድ ገና ወደ ደሴቱ የመጣችው አናጢ ናት፤ ጀልባ እንደሷ የሚነዳ ጥቂት ነው። «ስልኩን እየተቀያየርን እንያዘው» ስትለኝ ሁለት ዓመቷ ነው፣ እኔ ደግሞ «ድንጋዮቹን አታውቂያቸውም» እያልኩ ስመልሳት። ትናንት «እሺ» አልኳት። ደንግጣ «አሞሻል እንዴ?» አለችኝ። ከጁን 30 ጀምሮ አንድ ሳምንት እሷ፣ አንድ ሳምንት እኔ። የመጀመሪያው የእሷ ነው።

አልዋሽህም፣ ጨርሶ አልተውኩትም። ልተወውም አልችልም። በእኔ ሳምንት ስልኩ ይጮሃል፣ እኔም እራቱን ጥዬ እሄዳለሁ፣ አንተም ትናደዳለህ። ቀድመህ እወቀው። በቶርዲስ ሳምንት ግን ቁጭ ብዬ እበላለሁ፣ እስክጨርስ።

ቁርጡ ይኸው። ቤቱን አትግዛ። ወደ ቤትህ ና።

ነፋስ ከኋላህ ይሁን፣ መንገድህን ልሙጥ ያድርግልህ፣ በሰላም ያገናኘን። ዳግኒም ሰላም ብላሃለች፤ ሳታውቅህ «ያ ሰውዬ ካልመጣ ራሴ ሄጄ ጎትቼ አመጣዋለሁ» ብላለች።

ሚስትህ
ጉንቮር

የረሳሁት፦ ትኬት ስትቆርጥ ማክሰኞ ጁላይ 15 እንድትደርስ አድርገህ ቁረጥ። ጁላይ 8 እንዳትመጣ፣ ያኛው የእኔ ሳምንት ነው።